የጋሽ ወልደአረጋይ ሲሚንቶ

[ደብረ ብርሃን፣ በደርግ ዘመን፣ ክረምት ሊገባ ሲል። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የቀበሌ ቤቶች። የአንደኛው ፊት በሲሚንቶ ተለስኖ ቢጫ ቀለም ተቀብቷል። የሁለተኛው ምርጊት ረግፎ ማገሩ ይታያል። የዚህኛው ነዋሪ ልብስ ሰፊው ሸሪፍ ሱሪውን ሰብስቦ ጉድጓድ ውስጥ ጭቃ ይረግጣል። የቢጫው ቤት ነዋሪ፣ ጡረተኛው ወልደአረጋይ፣ አፍንጫውን በጋቢው ሸፍኖ አጠገቡ ቆሟል።]

ወልደአረጋይ፦ ድፋው አልኩህ። በስብሷል።

ሸሪፍ፦ ጭቃ እኮ ነው፣ ጋሽ ወልደአረጋይ።

ወልደአረጋይ፦ ጭቃ መሆኑ መች ጠፋኝ? የበሰበሰ ጭቃ ነው። ሽታው መኝታ ቤቴ ድረስ ይመጣል።

ሸሪፍ፦ እንዲሸት ነው ያስቀመጥኩት። ጭዱ ካልበሰበሰ ምርጊቱ አይያያዝም።

ወልደአረጋይ፦ አስበህበት ነው የምታበሰብሰው?

ሸሪፍ፦ አዎ። [ይረግጣል]

ወልደአረጋይ፦ ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ፣ አንተ ጭቃ ውስጥ ነህ።

ሸሪፍ፦ እዚያ ቤት የሚመርግላቸው ማነው?

ወልደአረጋይ፦ የት?

ሸሪፍ፦ ጨረቃ ላይ። ክረምት የለም?

ወልደአረጋይ፦ ክረምት ቀርቶ አየር የለም።

ሸሪፍ፦ እንግዲያ በሲሚንቶ ለስነውታል ማለት ነው።

ወልደአረጋይ፦ አይ የሰው ቀሽም! ስማኝ። ግድግዳ ምን ይፈልጋል? ጥንካሬ። ጥንካሬ ከምን ይገኛል? ከሲሚንቶ። ና፣ የእኔን አንኳኳው።

ሸሪፍ፦ [ሄዶ በጣቱ ያንኳኳል] ውስጡ ባዶ ነው የሚመስለው።

ወልደአረጋይ፦ የጥንካሬ ድምፅ ነው።

ሸሪፍ፦ ከሥሩ ያለው ጭቃ አይደል እንዴ? ጭቃው ሲረጥብ በየት በኩል ይተነፍሳል?

ወልደአረጋይ፦ ግድግዳ አፍንጫ አለው?

ሸሪፍ፦ የእኔ ሲዘንብ ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ይተፋዋል። የእርስዎ አንዴ ከጠጣ መትፊያ የለውም። በዚያ ላይ የእኛ አገር ውርጭ አለ። ጥቅምት ሲገባ እንደ ዳቦ ቅርፊት ብድግ ያደርገዋል።

ወልደአረጋይ፦ ውርጭ ሲሚንቶ ይፈራል።

ሸሪፍ፦ ማን ነገረዎት?

ወልደአረጋይ፦ ማንም አልነገረኝም። አውቃለሁ። ልጆቼን የዳርኩት በዚህ ቤት ነው፣ ሬሳዬም ከዚሁ ነው የሚወጣው። ለዚህ ቤት የሚበጀውን ከእኔ የበለጠ ማን ያውቃል? ደግሞ እነዚያ ቋሚዎች ምንድን ናቸው? አሮጌ እንጨት!

ሸሪፍ፦ ጽድ ነው። ደነባ ከተማ የፈረሰ ቤት ነበር፣ ከዚያ አመጣሁት። ከእኔም ከእርስዎም ዕድሜ በላይ ቆሞ ምንም አልሆነም። ጫካም አልተነካም።

ወልደአረጋይ፦ ጭራሽ ስለ ጫካ ልታስተምረኝ! ባለፈው ችግኝ ሲተከል ስለ ደን ጥቅም ንግግር ያደረገው ማነው?

ሸሪፍ፦ እርስዎ ነዎት። እጃችን እስኪቃጠል ነው ያጨበጨብነው።

ወልደአረጋይ፦ ታዲያስ?

ሸሪፍ፦ የተቀመጡበት አግዳሚ ግን ያን ሰሞን የተቆረጠ ጽድ ነበር። ሙጫው ሱሪዎ ላይ ተጣብቆ በስንት መከራ ያስለቀቅሁት እኔ ነኝ።

ወልደአረጋይ፦ እሱ ለአብዮቱ የተቆረጠ ነው። አይነካም።

ሸሪፍ፦ እሺ። ጋሽ ወልደአረጋይ፣ ስለ ሲሚንቶው አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ሱሪ ሊለካ መጥቶ...

ወልደአረጋይ፦ ስለ ሲሚንቶ? አንተ? ለእኔ? ጭቃህን ርገጥ።

ሸሪፍ፦ [ወደ ጉድጓዱ ተመልሶ ይረግጣል]

ወልደአረጋይ፦ ሲሚንቶ ዛሬ ለመድኃኒት እንኳ አይገኝም። ለእኔ ግን ሊቀመንበሩ ራሱ በጋሪ አስጭኖ ደጄ ድረስ አመጣልኝ። በነፃ። «ጓድ ወልደአረጋይ፣ ፊቱን አሳምሩት» አለኝ። ቀለሙንም የመረጠው እሱ ነው።

ሸሪፍ፦ ቢጫውን?

ወልደአረጋይ፦ ቢጫውን። «ከመንገድ ይታያል» አለኝ።

ሸሪፍ፦ እሱን ነው እኮ ልነግርዎት የፈለግሁት። እኔም ዘንድ መጥቶ...

ወልደአረጋይ፦ አንተ ዘንድ! አንተ ሲሚንቶ ቢሰጥህ ገንፎ ነው የምታገነፋበት። ዛሬ ኮሚቴው አርአያ የሚሆን ቤት ሊመርጥ ይመጣል። ባለቤቴ ወለተ ጊዮርጊስም ዳቦ ደፍታ ትጠብቃቸዋለች። አደራህን፣ እነሱ ሲመጡ ከዚህ ጉድጓድ ብቅ እንዳትል። ሰፈሩን ታዋርዳለህ።

[ከመንገድ «ጓድ ወልደአረጋይ!» የሚል ጥሪ ይሰማል። ጋቢውን ጥሎ ኮቱን እየቆለፈ ይሮጣል። ሸሪፍ ጎንበስ ብሎ ጭቃውን ይረግጣል። ከቢጫው ቤት ንግግር፣ ቀጥሎ ረዥም ጭብጨባ ይሰማል። ወልደአረጋይ ፍራሽ ተሸክሞ ይመለሳል።]

ሸሪፍ፦ ተመረጡ?

ወልደአረጋይ፦ ተመረጥኩ።

ሸሪፍ፦ እንኳን ደስ አለዎት። ፍራሹ ሽልማት ነው?

ወልደአረጋይ፦ የራሴ ነው። ቤቱ የቀበሌው አዲስ ጽሕፈት ቤት ሆኗል። «እንዲህ ያለ ቤት ለአንድ ቤተሰብ ይበዛል፣ ለሰፊው ሕዝብ ይዋል» አለ ሊቀመንበሩ። አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ።

ሸሪፍ፦ እርስዎም?

ወልደአረጋይ፦ ምን ላድርግ? ያን ጊዜ ፍራሹን ገና አላሸከሙኝም፣ እጄ ባዶ ነበር።

ሸሪፍ፦ ታዲያ የት ይገባሉ?

ወልደአረጋይ፦ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለች ክፍል ሰጥተውኛል። በአንድ በኩል ግድግዳ የላትም።

ሸሪፍ፦ የእኔን ቤትስ አዩት?

ወልደአረጋይ፦ አዩት። «ይሄ ዘንድሮን አይሻገርም» ብለው አለፉ።

ሸሪፍ፦ አልሐምዱሊላህ። አሁን መምረግ እችላለሁ።

ወልደአረጋይ፦ አሁን?

ሸሪፍ፦ ጭቃውማ ከደረሰ ቆየ። እነሱ እስኪያልፉ ብዬ ነው ትንሽ እንዲሸት የተውኩት።

ወልደአረጋይ፦ [ፍራሹን ያወርዳል] ታውቅ ነበር!

ሸሪፍ፦ ሊቀመንበሩ ሲሚንቶውን መጀመሪያ ያመጣው ለእኔ ነው። «ጓድ፣ እኔ ከጭቃ በቀር አላውቅም» ብዬ መለስኩት። «ሞኝ ነህ፤ እሺ በዚህ ሰፈር የሚያውቅ ማነው?» አለኝ። የሚያውቅ ሰው ተጠይቄ ከእርስዎ ሌላ ማንን ልጥራ?

ወልደአረጋይ፦ አንተ ነህ የላክህብኝ!

ሸሪፍ፦ ወላሂ ያኔ አልገባኝም። የገባኝ ኋላ ነው፣ ለአዲሱ ጽሕፈት ቤት መጋረጃ ስፋ ብሎ መስኮት ሊያስለካኝ ሲልከኝ። የላከኝ እርስዎ ቤት ነው።

ወልደአረጋይ፦ ለካኸው?

ሸሪፍ፦ የሜትሩን ጫፍ የያዙልኝ እርስዎ ነዎት። «የሰው መስኮት ምን ያስለካሃል፣ ቂል» አሉኝ። ልመልስ አፌን ስከፍት ስለ መስታወት አሠራር ያስተምሩኝ ጀመር። እስኪመሽ አስተማሩኝ።

ወልደአረጋይ፦ [ፍራሹ ላይ ይቀመጣል] ዕድሜዬን የኖርኩበት ቤት ነው፣ ሸሪፍ።

ሸሪፍ፦ [እጁን ይዘረጋለታል] ይምጡ። ጭቃው ለእርስዎም ይተርፋል። ጽድም ቀርቶልኛል። ነገ ለዚያች ክፍል አብረን ግድግዳ እናበጅላታለን።

[ወልደአረጋይ ጫማውን አውልቆ ሱሪውን ይሰበስባል። ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ቀስ እያለ ይረግጣል።]

ወልደአረጋይ፦ ይቀዘቅዛል።

ሸሪፍ፦ ይለመዳል።

ወልደአረጋይ፦ [ትንሽ ከረገጠ በኋላ ቀና ብሎ] ስማ እንጂ ሸሪፍ። ምርጊቱ ሲደርቅ ፊቱን ኖራ ብንቀባው፣ መስኮቷን ደግሞ ሰማያዊ ብናደርጋት...

ሸሪፍ፦ ጋሽ ወልደአረጋይ፣ ከዚያችም ካስወጡዎት የቀረው የበግ በረት ነው።