ተራራ ላይ ወራጅ አለ

ቦሌ ውስጥ «ብቻዬን ተራራ ላይ አደርኩ» የሚል ሰው ያላጋጠመው ማን አለ? እኔን ያጋጠመኝ ብሩክ ነው፤ ሩዋንዳ ሰፈር ባለው ቢሯችን ጎን ለጎን ነው የምንቀመጠው። ሰኞ በመጣ ቁጥር «አንተ ግን ራስህን የምታገኘው መቼ ነው?» ይለኛል። እኔ ራሴ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ቢሆንም ነገሩ ከነከነኝና አንድ ቅዳሜ ለማንም ሳልናገር መተሐራ በረሃ ውስጥ ያለውን፣ ብሩክ የሚያወራለትን ተራራ ልወጣ ብቻዬን ሄድኩ።

ጫፉ ላይ ስደርስ ጨለመ። ጨለማውስ ይሁን፣ ጠጠሩን የሚያንኮሻኩሸው ምንድነው? ነፋስ ነው እንዳልል ነፋስ አይተነፍስም። ጅብ ነው እንዳልል ጅብ ያስነጥሳል እንዴ? «የፈጣሪ ያለህ!» ልል አፌን ስከፍት፣ በየቀኑ ከኢምፔሪያል ሰፈር ታክሲ ሲሳፈር የኖረው ምላሴ በራሱ ጊዜ ጮኸ፦

«ወራጅ አለ!»

ከዚያ ከቋጥኙ ጀርባ አንድ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ፣ «እኔም ወራጅ ነኝ!» አለ።

ብሩክ ነበር! «ስንተኛ ጊዜህ ነው?» ብዬ ስጠይቀው፣ «የመጀመሪያዬ» አለኝ ቀስ ብሎ። ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀን፣ አንዳችን ባሳልን ቁጥር ሌላችን እየዘለልን ሌሊቱን አነጋነው።

ፀሐይ ስትወጣ ስልኩን ሰጠኝ። «አንሳኝ እስቲ፤ ጥላህ እንዳይገባ ብቻ።» እኔንም አነሳኝ። ሁለታችንም «ብቻዬን» ብለን ፌስቡክ ላይ ለጠፍን።

አሁን የምፈራው ጅብ አይደለም። አንድ ቀን አንድ ሰው «ፎቶውን ማን አነሳህ?» እንዳይለኝ ነው።