የአሥራ ዘጠኝ ሳንቲም ክሊራንስ

ሰው ውለታ ይረሳል። ልጅ የእናቱን ምክር ይረሳል፤ ተመራጭም የመራጩን ሰፈር ይረሳል። ዓለም እንዲህ በመርሳት በተጥለቀለቀችበት ዘመን አንድ የማይረሳ ልብ ቀርቷል፤ እርሱም የባንክ ልብ ነው። ይህን የሚጠራጠር ካለ፣ በኢሎኢሎ ከተማ ሃሮ ሰፈር የሚኖሩትን ጡረተኛ የሂሳብ መምህር ክሪስፑሎ ቱፓስን ይጠይቅ።

መምህር ክሪስፑሎ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሲያስተምሩ ከማንም አንዲት ሳንቲም አልተበደሩም። ክሬዲት ካርዱንም የያዙት ጡረታ ሲወጡ ባንኩ በፈገግታ ስለሰጣቸው ነው። ካርዱ ሁለት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ኖረ። አንድ ቀን ብቻ ወጥቶ የአራት ሺህ ሁለት መቶ ፔሶ መነጽር ገዛና ተመልሶ ተኛ። ዕዳውንም መምህሩ በመክፈያው የመጨረሻ ቀን ሄደው አንድም ሳያስቀሩ ከፈሉ።

ቀኑ ግን ዓርብ ነበር። ገንዘቡ ቅዳሜና እሑድን ዐርፎ ሰኞ ደረሰ። ባንኩም ለገንዘቡ ዕረፍት አሥራ ሁለት ፔሶ ከስድሳ ሳንቲም ወለድ ጠየቀ። መምህሩ "ይሁን፣ የባሰ አለ" ብለው ከፈሉ። በሚቀጥለው ወር ሌላ መግለጫ መጣ። አሥራ ሁለቱ ፔሶ ከስድሳ ሳንቲም እስኪከፈል ድረስ አሥራ አምስት ቀን ቆይቶ ኖሮ፣ እርሱም በተራው አሥራ ዘጠኝ ሳንቲም ወልዷል። ወለድ መባሉ ለካ በከንቱ አይደለም።

መምህሩ ስልክ ደወሉ። ከብዙ ሙዚቃ በኋላ አንድ ለስላሳ ድምፅ መጣ።

"ጌታዬ፣ ይኼ ተከታይ ወለድ ይባላል።"

"ማንን ነው የሚከተለው?"

"እርስዎን ነው፣ ጌታዬ። ሌላ የምንረዳዎት ነገር አለ?"

መምህሩ ነገሩን ናቅ አድርገው ተዉት። ባንኩ ግን ደንበኛውን አይንቅም። በሦስተኛው ወር አንድ ሞተረኛ ወርቃማ ፖስታ ይዞ በራቸው ላይ ቆመ። በውስጡ "የተከበሩ ደንበኛችን" ብሎ የሚጀምር፣ "ጉዳዩ ወደ ዕዳ አስመላሽ ክፍል ይተላለፋል" ብሎ የሚጨርስ ደብዳቤ ነበር። የመምህሩ ባለቤት ወይዘሮ ፌሊሲሲማ ፖስታውን አገላብጠው አዩት።

"ልጄ፣ ይቺን ለማድረስ ስንት ያስከፍላል?"

"ሰባ ፔሶ፣ እማማ።"

"ለአሥራ ዘጠኝ ሳንቲም?"

"እኔ ውስጡን አላውቅም። የእኔ ሥራ ማስፈረም ነው። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ባልና ሚስቱ ስቀው ባለፉት ነበር። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የጡረተኛ መምህራን እድር ገንዘብ ያዥ ሊመርጥ ነው። መምህር ክሪስፑሎ ይህችን ወንበር ለሰባት ዓመት በትዕግሥት ጠብቀዋታል። ያለፈው ገንዘብ ያዥ አርባ ሺህ የእድር ፔሶ አውሎ ነፋስ እንደ ወሰደበት በእንባ አስረድቶ ነበር። አውሎ ነፋሱም ጨዋ ሆኖ፣ ከቤቱ ውስጥ ከገንዘቡ በቀር ምንም አልነካም። ስለዚህ እድሩ አዲስ ደንብ አወጣ፤ ተወዳዳሪ ሁሉ ከባንኩ "ምንም ዕዳ የለበትም" የሚል ክሊራንስ ያቅርብ። ተወዳዳሪውም አንድ ብቻ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት መምህሩ አሥራ ሦስት ፔሶ ለጂፕኒ ታክሲ ከፍለው ባንክ ሄዱ። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ጆይሊን ድሮ ተማሪያቸው ነበረች። ከወንበሯ ተነሥታ በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው።

"መምህር፣ እንኳን ደህና መጡ። ምን ልታዘዝ?"

"ክሊራንስ ፈልጌ ነበር። ግን አሥራ ዘጠኝ ሳንቲም አለብህ ይላሉ። ሰርዢልኝና ጻፊልኝ።"

ጆይሊን ኮምፒውተሯን አየችና በእውነት አዘነች።

"መምህር፣ ከአንድ ሺህ ፔሶ በላይ የሚሰርዝ ኮሚቴ አለን። ከአንድ ፔሶ በታች የሚሰረዝበት ቅጽ ግን አልተዘጋጀም።"

"እንግዲያው ልክፈል።" አሥራ ዘጠኝ ሳንቲም በቀረበ ጊዜ ግን መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ከሁለት መቶ ፔሶ በታች እንደማትቀበል ገለጸች።

"አሥራ ዘጠኝ ሳንቲም ከባድ ነው ብላችሁ በሞተር ትልካላችሁ፤ ሳመጣ ደግሞ ቀላል ነው ብላችሁ ትመልሳላችሁ?" አሉ መምህሩ።

"መምህር፣" አለች ጆይሊን በትሕትና፣ "ክፍል ውስጥ 'ቀሪ አይጣልም' ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።"

መምህሩ በውስጣቸው ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰማቸው። ሁለት መቶ ፔሶ ቆጥረው ከፈሉ።

"አሁን ክሊራንሱን።"

ጆይሊን እንደ ገና ኮምፒውተሯን አየች። እንደ ገናም አዘነች።

"አሁን ደግሞ እኛ የእርስዎ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ፔሶ ከሰማንያ አንድ ሳንቲም አለብን። ክሊራንስ የሚጻፈው በመሃላችን ምንም ዕዳ ሳይኖር ነው። ልክ ዜሮ መሆን አለበት።"

"ታዲያ መልሱልኝ።"

"ተመላሽ በማኒላ በኩል ነው። ስድሳ የሥራ ቀን ይፈጃል። ገዝተውበት ቢጨርሱት ይሻላል።"

ባልና ሚስቱ ረቡዕንና ሐሙስን የመቶ ዘጠና ዘጠኝ ፔሶ ከሰማንያ አንድ ሳንቲም ዕቃ ፍለጋ ዋሉ። ሳሙና አየን፣ ጃንጥላ አየን፣ የዶሮ መኖ ሳይቀር አየን ይላሉ። በኢሎኢሎ በሰማንያ አንድ ሳንቲም የሚያልቅ ዋጋ የሚለጥፍ ነጋዴ አልተፈጠረም። ደክሟቸው ባቾይ የሚባለው የፓስታ ሾርባ የሚሸጥበት አንድ ቤት ገቡ። ሁለት ሳህን ባቾይ መቶ ሰማንያ፣ ሁለት የሩዝ ዳቦ ሃያ፣ በድምሩ ሁለት መቶ ፔሶ። መምህሩ አሥራ ዘጠኙን ሳንቲም በእጅ፣ የቀረውን በካርድ ልክፈል አሉ።

"ማሽናችን ሳንቲም አይቆርጥም፣" አለች ገንዘብ ተቀባይዋ። "ሙሉ ፔሶ ብቻ ነው።"

"መቶ ዘጠና ዘጠኝ አስቆርጥ፣" አሉ ፌሊሲሲማ። "ሰማንያ አንዱ ሳንቲም ባንኩ ላይ ይቅር። ለአንድ ቀን እንኳ ባለዕዳ መሆንን ይየው።"

መምህሩ አሰቡበት። ባንክን ዕዳ ክፈል ማለት ከባድ ነው፤ በራስ ዕዳ ግን ሰው ቢያንስ ጌታ ነው። ሁለት መቶ አስቆረጡ። ባቾዩን ጠጥተው ሲጨርሱ እንደ ገና አሥራ ዘጠኝ ሳንቲም ነበረባቸው።

"ክሪስፑሎ፣" አሉ ሚስታቸው አፋቸውን እየጠረጉ፣ "አንተ እኮ ድሮ ሂሳብ ታስተምር ነበር።"

ዓርብ ዕለት ሌላ ሁለት መቶ ይዘው ከመሄድ ታቀቡ። ቅዳሜ ባዶ እጃቸውን፣ ነገር ግን ሸሚዛቸውን በካውያ አስተኩሰው ስብሰባው ላይ ተገኙ። ተነሥተውም የሆነውን ሁሉ ከመነጽሩ እስከ ባቾዩ አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። አዳራሹ እንደሚስቅላቸው፣ ከዚያም እንደሚያዝንላቸው፣ በመጨረሻም ደንቡን እንደሚያነሣላቸው ተስፋ አድርገው ነበር።

የሳቀ አልነበረም። የእድሩ ሊቀመንበር፣ የጂኦግራፊ መምህር የነበሩት ሽማግሌ፣ ወደ ፊት ጠጋ አሉ።

"እንግዲህ ባንኩ ለአሥራ ዘጠኝ ሳንቲም ሦስት ወር ተከታተለህ?"

"ተከታተለኝ።"

"ሰው ልኮ አስፈረመህ?"

"ሚስቴን አስፈረመ።"

"አድልዎስ? ሥራ አስኪያጇ ድሮ ያስተማርካት ልጅ ናት አልክ። አላዳላችልህም?"

"በፍጹም።"

"ሂሳቡ ላይ ስሕተት አገኘህበት?"

መምህር ክሪስፑሎ እዚህ ላይ መዋሸት ይችሉ ነበር። ነገር ግን ወለዱን በእርሳስ ሦስት ጊዜ ሠርተውታል፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት በቁጥር አልዋሹም።

"የለበትም። እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ልክ ነው።"

አዳራሹ በአድናቆት አጉረመረመ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት የቤት አያያዝ መምህርት ተነሡ።

"አርባ ሺህ በነፋስ ከተወሰደብን ወዲህ እኮ የፈለግነው ይኼንን ነው። አሥራ ዘጠኝ ሳንቲም የማይተው አካል እያለ ሰው እንመርጣለን? ገንዘቡን ለባንኩ እናስረክብ።"

ሊቀመንበሩም የመምህር ክሪስፑሎ ቱፓስ ምስክርነት በቃለ ጉባኤ በክብር እንዲመዘገብ፣ የእድሩ ገንዘብ በሙሉ ወደ ባንኩ እንዲገባ፣ የገንዘብ ያዥነት ሥራም ከዛሬ ጀምሮ እንዲሰረዝ ሐሳብ አቀረቡ። ለዚህ የሚሆን ቅጽ ወዲያው ተገኘ።

መምህሩ ቤት ሲደርሱ ፌሊሲሲማ በረንዳ ላይ ማንጎ ይልጡ ነበር።

"ተመረጥክ?"

"ተሸነፍኩ።"

"ተወዳዳሪ የለም አላልክም? በማን ተሸነፍክ?"

"በባንኩ።"

ፌሊሲሲማ ቢላዋውን አስቀመጡ። "በስንት ድምፅ?"

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ ሲጠርጉም ቆዩ።

"በሙሉ ድምፅ፣" አሉ። "የእኔም እጅ አለበት።"