የጋሼ ሰይድ በጎች ጉዳይ

እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ ስብሰባ ሲከፈት የማይቀር አንድ ንግግር አለ። የወላጆች ስብሰባ ይሁን የኮንዶ ነዋሪዎች ጭቅጭቅ፣ አንድ ሰው ይነሳና የተቀመጥንበት መሬት ከጥንት ጀምሮ የብላክፉትና የሌሎች ነባር ሕዝቦች መሆኑን በአክብሮት ያስታውሰናል። ከዚያ ወደ ፓርኪንግ ጉዳይ እናልፋለን። መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ ደንግጬ፣ «ታዲያ ልንለቅ ነው?» ብዬ አጠገቤ ያለውን ሰው ጠይቄው ነበር። የለም፣ ለማስታወስ ያህል ነው አለኝ። የጎረቤት ድስት ተውሶ፣ ወጥ በተሠራ ቁጥር «ይህ ድስት የእትዬ እንትና ነው» እያሉ መብላት ማለት ነው። ማስታወሱስ ባልከፋ፤ ድስቱስ?

እናንተም የመጣችሁት እኔ ከመጣሁበት አገር ከሆነ፣ ስለ መሬት የምትሰሙት ሁሉ ያጠራጥራችኋል። ሲወረስ ሰምተናል፣ ሲታጠር ሰምተናል፣ ሲሸነሸንም አይተናል። «ለባለቤቱ ተመለሰ» ሲባል ግን ቀድሞ አፋችን ላይ የሚመጣው «ደግሞ ለማን ሊሰጡት ነው?» የሚለው ነው። ስለዚህ ከኦኮቶክስ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ ሰፊ የግጦሽ መሬት ለብላክፉቶች ሊመለስ ነው ሲባል፣ እስቲ እናያለን አልኩ።

ወሬውን ያመጣችው ሐያት ናት። ሐያት ዋይትሆርን ሰፈር ውስጥ ጎረቤቴ የሆኑት የጋሼ ሰይድ ልጅ ስትሆን፣ እዚሁ ካልጋሪ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ መንገድ ላይ ሲያልቅባት በእንግሊዝኛ የምትጨርስ ጎበዝ ልጅ ናት። የምትሠራው ተፈጥሮን የሚጠብቅ ድርጅት ውስጥ ነው። እንደነገረችን ከሆነ የመሬቱ ባለቤት ወራሽ የሌላቸው ሽማግሌ ከብት አርቢ ናቸው። ከመሬቱ ከፊሉን ለድርጅቱ ይሸጣሉ፣ ከፊሉን ይሰጣሉ፤ ድርጅቱ ደግሞ ሁሉንም ለነባሮቹ ባለቤቶች ያስረክብና ሣሩን አብሮ ይንከባከባል። ማረሻ ነክቶት የማያውቅ ሣር ነውና እንዲህ ያለው እየጠፋ ነው። ወደፊት ጎሾች ይመለሱበታል።

ደስ የሚል ነገር ነው። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ በዚያ ሣር ላይ የልጅቷ አባት በጎች ይግጣሉ።

ጋሼ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው። ካልጋሪ ውስጥ ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ በወጡ በዓመቱ ባለቤታቸው አረፉባቸው። ከዚያ ወዲያ ቤታቸው ስሄድ የማገኘው ቴሌቪዥኑ ሲያወራና እሳቸው ግድግዳ ሲያዩ ነበር። እኒያ ከብት አርቢ የድሮ የታክሲ ደንበኛቸው ኖሮ፣ «ጥቂት በጎች አምጥተህ ብታሰማራስ?» አሏቸው። በጎቹ መጡ፤ ጋሼ ሰይድም ከሞት ተመለሱ ማለት ይቻላል። በየማለዳው በ2A መንገድ ወደ ኦኮቶክስ መንዳት ጀመሩ። ለፋሲካ ክርስቲያኑ፣ ለአረፋ ሙስሊሙ በግ የምንይዘው ከሳቸው ሆነ። በጎቹ ከሄዱ ጋሼ ሰይድ ተመልሰው ወደዚያ ግድግዳ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሐያትም ታውቃለች፣ ስለምታውቅም ሰሞኑን ከስታለች።

ጋሼ ሰይድ መጀመሪያ ልጃቸውን «በጎቹ እንዲቆዩልኝ ንገሪልኝ» አሏት። «አባዬ፣ ኢትስ ኖት ማይ ኮል» አለቻቸው፤ የምወስነው እኔ አይደለሁም ማለቷ ነው። መሬቱ የብላክፉቶቹ ስለሆነ እነሱን አስክ ማድረግ ያለብህ አንተ ራስህ ነህ አለች። በነሱ ወግ ደግሞ ሽማግሌ ዘንድ ጥያቄ ይዞ የሚሄድ ሰው ትምባሆ ያበረክታል ብላ ጨመረችበት። ጋሼ ሰይድ እንኳን ትምባሆ ሊገዙ፣ የኔን ሲጋራ ከአፌ ነጥቀው የጣሉ ሰው ናቸው። የሚያውቃቸው ሰው እንዳይገጥማቸው ራንድል የሚባል ሰፈር ድረስ ወስጄያቸው፣ ከአንድ ማደያ ገዝተው፣ በጥቁር ፌስታል ጠቅልለው፣ ኮታቸው ውስጥ ደብቀው ወጡ።

ጥያቄ ካለ ደግሞ ሽማግሌ አለ። በእኛ ደንብ ሰው ለራሱ ጉዳይ ሽማግሌ አይሆንም፤ ሌሎች ይላካሉ። ሁለት የተከበሩ ሰዎች ተለምነው እሺ ብለው ነበር፣ በቀኑ ግን አንዱ ሺፍት ገባ፣ ሌላው የልጅ ልጅ የሚጠብቅበት ቀን ሆነ። በዚህ አገር ሽማግሌም በፈረቃ ነው። ስለዚህ ጋሼ ሰይድ ባለጉዳይም ሽማግሌም ሆነው፣ እኔ ሹፌርም ተከታይም ሆኜ፣ የርክክቡ በዓል ወደሚከበርበት ሜዳ ሄድን።

ድንኳን ተተክሏል፣ ወንበር ተደርድሯል፣ ሾርባና የተጠበሰ ዳቦ ይታደላል። አንዲት ወጣት ወንበር ሳበችልን። ጋሼ ሰይድ አልተቀመጡም። ሾርባ መጣ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው መለሱት። እናንተ ምክንያቱን ታውቃላችሁ፤ ሽማግሌ ሆኖ የሄደ ሰው ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥም፣ እህል ውሃም አይቀምስም። እዚያ ያለው ሰው ግን በምን ይወቀው? የሚያየው ኮትና ከረቫት ያደረጉ፣ ደረታቸው ላይ አንድ ነገር የሸሸጉ ሰውዬ በበዓሉ መሀል ተገትረው፣ አልቀመጥም አልበላም ሲሉ ነው። እኔም ከኋላቸው ተገትሬያለሁ። ወዲያው ካሜራ የያዘ ልጅ መጣ።

ሐያት ፊቷ ቀልቶ ሮጣ መጣች። «አባዬ፣ ፕሊስ ቁጭ በል። ፕሮቴስት የምታደርግ መስሏቸዋል።»

«መልሴን ሳልሰማ አልቀመጥም» አሏት ቀስ ብለው።

ይሄኔ ፊት ለፊት ተቀምጠው የነበሩ፣ ሁሉም «አንቲ»፣ አክስቴ እንደ ማለት፣ የሚሏቸው ትልቅ ሴት ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። የብላክፉት ሽማግሌ ናቸው፤ እዚያ ሽማግሌነት ለወንድ ብቻ አይደለም። መጥተው ፊታችን ቆሙ። እንግዳ ቆሞ እኔ አልቀመጥም አሉ። ጋሼ ሰይድ ጭንቅ ውስጥ ገቡ፤ ቢቀመጡ ጉዳያቸው ይቀራል፣ ባይቀመጡ በዕድሜ የሚበልጧቸው ሴት ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ፌስታሉን አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡ። አንቲ ከፍተው አዩና ጥያቄ እንዳለ ገባቸው።

ጋሼ ሰይድ በታክሲ እንግሊዝኛቸው ሁሉንም ተናገሩ፣ የባለቤታቸውን ማረፍ ሳይቀር። አንቲ በጎች እንዴት እንደሚግጡ ጠየቁ። ይህ ነው እንግዲህ የቁርጥ ቀን ጥያቄ። ለስለስ ያለ መልስ ይሰጡ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ፣ ጋሼ ሰይድ ዐይናቸውን ሳያሹ «ጠጋ ብለው ነው፤ እስከ ሥሩ» አሉ።

አንቲ ጎንበስ ብለው ሣሩን በከዘራቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉት።

«አይሆንም» አሉ። «አዝናለሁ። ሣሩ ደክሞታል፤ ጎሾቹ እስኪመጡ ይረፍ።»

ሐያት አንገቷን ደፋች። ጋሼ ሰይድ ግን ወንበሩን ሳብ አድርገው መጀመሪያ አንቲን አስቀመጡ፣ ከዚያ እሳቸው ተቀመጡ፤ ሾርባውንም አስመጥተው ጠጡ። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» አሉ፤ ሐያት እየተንተባተበች ተረጎመችው። አንቲ አስደግመዋት ሳቁ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ላጽናናቸው ሞከርኩ። በእኛ ደንብ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ማን አለ አልኳቸው። ሽማግሌ ይመለሳል፣ ደጅ ይጠናል። በሚቀጥለው ሳምንት እነዚያን ሁለት ሰዎች ሺፍት አስቀይረን፣ ሙሉ ሽማግሌ ይዘን እንሄዳለን።

«ተው» አሉኝ። መስኮቱን ነበር የሚያዩት። «እነዚህ ሰዎች በገዛ መሬታቸው ስንት ዘመን ሲለምኑ፣ ስንት ዘመን እምቢ ሲባሉ ኖረዋል። ዛሬ ገና እምቢ ማለት ቢደርሳቸው፣ እኔ ሄጄ ላስቀለብሳቸው?»

መነጽራቸውን አወለቁ። እኔም አዘንኩ። በሳምንቱ በጎቹን ሸጥናቸው። ሐያት አሁን በየማለዳው ሥራ ከመሄዷ በፊት አባቷ ቤት ትገባለች፤ ቴሌቪዥኑን ታጠፋና ቁርስ አብረው ይበላሉ። ይበቃል ወይ ብትሉኝ አይበቃም።

እኔ ግን ያ መሬት በእውነት ተመልሷል ብዬ ያመንኩት ንግግሩን ሰምቼ፣ ፊርማውንም አይቼ አይደለም። የእኛ በጎች የተከለከሉ ዕለት ነው።