የፎቶ አንሺው ፈጣን ብዕር

ለፍጥነት ሲል የሰው ፊት የሚያጠፋ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ንፋስ መውጫ ላይ አንዱን አግኝቻለሁ። ይህ ፎቶ አንሺ ፎቶ በኮምፒውተር የሚያሳምርበት ታብሌት የሚሉት ሰሌዳና ብዕር አለው፤ የብዕሩን አንድ ቁልፍ ፊት ላይ ያለ ጥቁር ነጥብና ምልክት ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲጠርግ አድርጎ አስተካክሎታል። የእማዬን ፎቶ ሲሰጠን ደነገጥን። የግንባሯ የመስቀል ንቅሳት የለም።

«መስቀሌን ማን ወሰደው?» አለች እማዬ።

«ይቅርታ እማማ፣ ቁልፉ ነው» አለና ሌላኛውን ቁልፍ ያንኑ መስቀል ግንባር ላይ እንዲያትም አደረገው። ይህም ለፍጥነት መሆኑ ነው።

በሳምንቱ የራሴን የመታወቂያ ፎቶ ስቀበል ክው አልኩ። ንቅሳት በማያውቀው ግንባሬ ላይ የእማዬ መስቀል ተቀምጧል።

እማዬ ግን ፎቶውን ሳም አድርጋ፣ «በልጅነትሽ ከነቃሿ እጅ ሮጠሽ አምልጠሽ ነበር፤ ይኸው ደረሰችብሽ» አለችኝ።