ጓዳ የተባለው ፋይል

ስም ማውጣት ቀላል የሚመስለው ስም አውጥቶ ለማያውቅ ሰው ነው። “ስምን መልአክ ያወጣዋል” ይባላል፤ መልአኩ ግን ለኮምፒውተር ፋይል ስም ሲያወጣ እስከ ዛሬ አላየሁም። ይህ ጣጣ ለእኔ ተትቷል።

መካነ ሰላም ቁጭ ብዬ (ቁጭ ማለት ከሆነልኝ ነው፤ ስሠራ ክፍሉን ስዞር ነው የምውለው) የሐበሻን፣ የፈረንጅንና የሂጅራን ቀን አንዱን ወደ ሌላው የሚመልስ ላይብረሪ ጽፌያለሁ። ላይብረሪ ስል መጻሕፍት ቤት አይደለም፤ ሌላው ፕሮግራመር ወስዶ በራሱ ሥራ ውስጥ የሚከተው ኮድ ነው። መግቢያው ሄደር የሚባል ፋይል ነው። አንዱን ሄደር ለሁሉም ከፍቼ “ዋናው በር” አልኩት።

ሁለተኛው ሄደር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ሌሎቹ የራሴ ፕሮግራሞች ስለሚፈልጉት አብሮ መውጣት አለበት፤ ባዳ እንዲነካው ግን አልፈልግም፣ ነገ ተነስቼ ውስጡን ልገለባብጠው እችላለሁና። ለዓይን የተገለጠ፣ ለእጅ የተከለከለ! ፈረንጆቹ እንዲህ ላለው ፋይል ስሙ ፊት ሰረዝ ያደርጋሉ፤ ሰዉም ሰረዟን አይቶ ይመለሳል አሉ። የእኛን ሰው ሰረዝ ይመልሰዋል? እኔ ተራቅቄ “ጓዳ” አልኩት።

ጓደኛዬ ሰዒድ፣ ዓረብ አገር ያሉ እህቶቻችን ከቤተሰብ ጋር ቀን የሚቀጣጠሩበትን የስልክ ፕሮግራም በዚሁ ላይብረሪ ሠራ። በየት ገብቶ? በጓዳ። እኔ ምን አውቄ! አንድ ቀን ጓዳው ውስጥ ቀኑ ከወሩ ይቀድም የነበረውን፣ ወሩን ከቀኑ አስቀደምኩ። የሰዒድ እህት ጥር 3 እመጣለሁ ብላ የሞላችው፣ 3/5 ሦስተኛ ወር አምስተኛ ቀን ተብሎ ተነቦ፣ እናቷ ስልክ ላይ ኅዳር 5 ሆኖ ወጣ።

እናትየው እትዬ ዘይነባ እስላም ክርስቲያኑን ጎረቤት ጠርተው፣ በግ አሳርደው መናኸሪያ ወጡ። ከደሴ የመጣው የመጨረሻው መኪና ተራገፈ፤ ልጅቱ የለችም። ስልኳም ዝግ ነው። ሰዒድስ ቢሆን ከገዛ ፕሮግራሙ በላይ ማንን ይመን? እትዬ “ልጄን ምን አገኘብኝ” እያሉ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ጎረቤቱ “አብሽሩ፣ አላህ ያውቃል” ሲላቸው ደረስኩ። ነገሩ ሲገባኝ በጣም አፈርኩ። ልጅቱ ከሥራ ስትወጣ ደውላ፣ ኧረ እማ ገና ወራት ይቀረኛል ስትል ነው ሁላችንም የተነፈስነው። በጉም ተበላ፤ ምን ይደረግ?

ከዚያ ሰዒድ ላይ ዞርኩ። ጓዳ የሚል ስም እያየህ እንዴት ዘው ትላለህ ብዬ ጮኽኩበት። እሱ ደግሞ፣ ወላሂ ስሙን አይቼ ነው የገባሁት፣ ጓዳ የሚገባው ቤተኛ አይደለም ወይ፣ ባንተ ቤት ባዳ ነኝ እንዴ አለኝ። ከዛሬ ጀምሮ በዋናው በር ግባ ብለው ጭራሽ አኮረፈ። ላይብረሪዬን የሚጠቀሙትን ሌሎቹንም ጠየቅኩ፤ ዋናውን በር ያንኳኳ አንድም የለም።

ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ተነሳሁ። በመጨረሻ ስሞቹን ቀየርኩ። ለሁሉም የሚሆነውን ሄደር “ጓዳ” አልኩት፤ ሰዒድም ኩርፊያውን ትቶ ገባ። ማንም እንዳይነካው የምፈልገውን ደግሞ “የክብር እንግዳ መቀበያ” አልኩት። እስካሁን ራሱን እንግዳ ያደረገ ሰው አልተገኘም።