ቁጭ ብሎ የሚሮጥ ልብ

ትናንት ዐርብ ሌሊት አስናቀ መካኒኩ ሕልም አየ፤ ያውም ምን ዓይነቱን! አዳማ ተገልብጣለች። ታክሲዎች በተሳፋሪ ጀርባ ታዝለው «ወራጅ አለ» ይላሉ። ፍየሏ ሥጋ ቤት ከፍታ ቢላዋዋን እየሳለች «ጋሼ፣ ከየትህ ልቁረጥ?» አለችው። ቁርስ በልቻለሁ ብሏት እግሬ አውጪኝ አለ።

ጋራዡ ሲደርስ መኪኖቹ ቱታ ለብሰው ሰው ይጠግናሉ። ዕድሜውን ሙሉ ሲጠጋግነው የኖረው አሮጌ ላዳ አንዱን ሰው በክሪክ አንሥቶ ከሥሩ ተጋድሟል። አስናቀ ጠጋ ብሎ ቢያይ፣ የተነሣው ሰው ታናሽ ወንድሙ ኢዮስያስ ነው።

እናታቸው ከሞተች ወዲህ ኢዮስያስን ያሳደገው እሱ ነው። ልጁ አድጎ ሞባይል ቤት ተቀጠረና ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ ወጣ። ባለፈው ሰኞ ደውሎ «ጋሼ፣ ልቤ ዝም ብሎ ይሮጣል» አለው።

«ቁጭ ብለህ ውሃ ጠጣ፣ ይተውሃል።»

«ቁጭ ብዬ እኮ ነው።»

አስናቀ ሳቀ። ቆሞ የሚሠራ ሞተር ከልኩ በላይ ሲጮኽ መካኒኮች ሚኒሞው ከፍ ብሏል ይላሉ። እሱም ሚኒሞህ ከፍ ብሏል፣ ቅዳሜ ጋራዥ ብቅ በልና እቀንስልሃለሁ ብሎ ስልኩን ዘጋ። ቀልድ መሆኑ ነው። ሐኪም ቤት አብረን እንሂድ ሊለው የደወለ ልጅ፣ ቀልድ ተመርቆለት ቀረ።

እናላችሁ፣ ላዳው እጁን በጨርቅ ጠርጎ ጆሮውን ኢዮስያስ ደረት ላይ ለጠፈ። ሮጦ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። አልሮጠም። ደንግጦ ነው? ቡና አብዝቷል? ትኩሳት አለው? እንቅልፍ ይተኛል? አስናቀ አላውቅም፣ አላውቅም ሲል ቆየ። አለመጠየቁ እዚያው በሕልሙ ውስጥ አንገቱን አስደፋው። ላዳው ግን ታጋሽ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር በወጣት ላይ ብዙ ጊዜ ለክፉ እንደማይሰጥ፣ የተጨነቀም ደም ያነሰውም ልቡ እንደሚሮጥ፣ ምክንያቱ ሲገኝ ደግሞ እንደሚበርድ ሲያስረዳው ቆይቶ ድንገት ጆሮውን ከደረቱ ላይ አነሣ።

«ሞተሩ ጠፍቶበት ያውቃል?»

«ደረጃ ስወጣ ራሴን ስቼ ወደቅሁ ብሎኛል» አለ አስናቀ። «ቁርስ ሳትበላ ወጥተህ ነው አልኩት።»

ላዳው ሁለቱንም መብራቱን አበራበት። «እኔ አንዴ መንገድ ላይ ብጠፋብህ፣ ስትፈታታኝ ታድር ነበር።»



ወዲያው ጋራዡ የለም፤ የገዛ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ሐኪሞች ነጭ ጋውናቸውን ለብሰው እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሰልፈዋል። ካርድ ያወጡ አሉ፣ በወረፋ የሚጣሉም አሉ። ከፊት ያሉት ሽበታም ሐኪም ጎንበስ ብለው፣ በእናትህ ልጁን አሳየን ብለው ለመኑት። አስናቀ «እሺ፣ ግቡ» ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ዛሬ አይመቸኝም። ቅዳሜ ኑ።»

አይ የሰው ነገር! አገር ምድሩ ሲገለበጥ የእሱ ምላስ ብቻ እንደነበረ ቀረ። ሊመልሳቸው ቢጣራ ድምፁ አልወጣለት አለ። ሐኪሞቹ አንድ በአንድ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። ከጀርባው ኢዮስያስ ትከሻውን ነካ አድርጎት «ግድ የለም ጋሼ፣ እጠብቃለሁ» አለው።

ላብ በላብ ሆኖ ነቃ። ጎህ እየቀደደ ነው። ሕልም መሆኑን ሲያውቅ ተመስገን አለ። ቀኑ ራሱ ቅዳሜ ነው። ጋራዡን ዘግቶ ሊውል፣ ልጁን ከነእንቅልፉ ቀስቅሶ ሐኪም ቤት ሊወስደው ቆረጠ። ደረጃው ላይ የወደቀውንም አንድ ሳያስቀር ለሐኪሙ ይናገራል። ሱሪውን እየታጠቀ፣ ይቅርታውን በምን ቀልድ እንደሚያዋዛው ሲያወጣ ሲያወርድ በሩ ተንኳኳ። ኢዮስያስ ቀደመኝ ብሎ በባዶ እግሩ ሮጠ።

በሩ ላይ የቆሙት አክስቱ እትዬ ዘርፌ ናቸው። ከኋላቸው የዕድሩ ዳኛ፣ ከእሳቸው ኋላ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ አለ። እንዴት አደርክ ያለው የለም። አስናቀ ሕልሙ ገና ያላለቀ መሰለው፤ ነጠላቸውን ሁሉም ዘቅዝቀውታል።

ግቡ ሊላቸው ሞከረ። እትዬ ዘርፌ ክንዱን ያዙት።

«እስኪ መጀመሪያ ቁጭ በል፣ ልጄ።»