የሬዲዮ ድንጋይ በጋሽ ሰይድ ጓሮ

ስም ሲወጣ አንዳንዴ ጣጣም አብሮ ይወጣል። የሬዲዮን ባትሪ «ድንጋይ» ብሎ የሰየመው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ያጠፋን ግን እሱ ነው እላለሁ። ድንጋይ ይወረወራላ! ሌላ ምን ሊደረግ ኖሯል?

ጦርነቱ እኛ ጋ ሐይቅ ከተማ ድረስ በመጣ ጊዜ መብራት ጠፋ፣ ስልክም ተቋረጠ። ወሬ የምታመጣልን የጎረቤቴ የጋሽ ሰይድ ሬዲዮ ብቻ ነበረች። እስላም ክርስቲያኑ አጥራቸው ሥር ተኮልኩለን ጆሯችንን እንቀስራለን። ድንጋዩ ሲደክም ጋሽ ሰይድ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ በጥርሳቸውም ነከስ ያደርጉታል። ጭራሽ እንቢ ሲላቸው ወደ ጓሮ ነው። ጓሯቸው ደግሞ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ያዘቀዝቃል። ግን ማን ልብ ይበል? ያኔ የምንፈራው ሌላ ነበር።

ሰላም ወረደ፤ ጓሮውም ለመለመ። አንድ ጠዋት ላማቸው አረፋ ደፍቃ ተዘርራ ተገኘች። የልጅ ልጆቻቸው የሚያድጉት በእሷ ወተት ነው። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ አካባቢዋን ሲቃኝ፣ ዝጎ የፈነዳና የተላሰ የባትሪ ድንጋይ አነሳ።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ መርዝ ነው። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ሐይቁ ውስጥ ይገባል።»

«ዓሣውም ሬዲዮ ሊሰማ ነው በለኛ!» አሉ ጋሽ ሰይድ። ቀልዱ ግን ከአፋቸው ወጥቶ ሳያልቅ እንባቸው ቀደመ።

ላሟ በመድኃኒትና በዱዓ ተነሳች። ጋሽ ሰይድም ዶማቸውን ይዘው ጓሯቸውን እየፈተሹ፣ ያገኙትን ሁሉ ክዳን ባለው በርሜል አጠራቀሙ። የት ይወሰድ ብለው የቀበሌው ቢሮ ሄደው ቢጠይቁ «መመሪያ ሲመጣ እንነግርዎታለን» ተባሉ። በርሜሉ ግን መመሪያ አልጠበቀም። ከጁምዓ ሶላት በኋላ «የሞተ ድንጋይ ወደ ጋሽ ሰይድ በርሜል» ተብሎ መስጊድ ተነገረ፤ እሑድም ቤተ ክርስቲያን ተደገመ። የሰፈሩ ሰው የሞተ ባትሪውን በእፍኝም በከረጢትም ያመጣ ጀመር። የድንጋዩ መጨረሻ የት እንደሚሆን ገና አልታወቀም። ሐይቁ ግን አይደለም፤ ለጊዜው ይህችም ትበቃናለች።

ባለፈው አጥራቸው ሥር ተቀምጠን ስንጫወት አንዲት ጎረቤታችን ከሩቅ ተጣራች።

«ጋሽ ሰይድ! የኛም ሞተ!»

ሁላችንም ክው አልን። እንዲህ ያለ ጥሪ ምን ይዞ እንደሚመጣ ጦርነቱ አስተምሮናል።

«ማ?» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ ተነስተው።

«የሬዲዮው ድንጋይ ነዋ!»

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በረዥሙ ተነፈሱ።

«አልሐምዱሊላህ! ሞት እንዲህ ከሆነማ በየቀኑ ይምጣ» አሉና የበርሜሉን ክዳን ከፈቱላት።